መጽሐፍ የማያነብ መድረክ



ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ያነበብናቸውን መጻሕፍት መለስ ብለን መቃኘት ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ካነበብናቸው መካከል የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ»፣ የዲትሪክ ቦንሆፈር የደቀ መዝሙርነት መጽሐፍ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የቪክቶር ፍራንክል የእስር ዘመን ማስታወሻ፣ እንዲሁም አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደ ተተረጎመ የሚናገሩ ጽሑፎች ይገኙበታል። ይህን በተናገርን ቁጥር ከወገኖች የምንሰማው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ፓስተር፣ መጽሐፍ ቅዱስ አይበቃም እንዴ? ልብ ወለድ ለመንፈሳዊ ሰው ምን ያደርግለታል?»

ጥያቄው መንፈሳዊ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያናችን ላይ እያደረሰ ያለው ጉዳት ግን ቀላል ስላልሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም።

ለመዳን፣ ለእምነትና ለኑሮ መጽሐፍ ቅዱስ ይበቃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» የሚለው የተሐድሶ አባቶች አቋም ግን ስለ ሥልጣን የተነገረ ነው። በእምነት ጉዳይ የመጨረሻው ዳኛ ቃሉ ነው ማለት እንጂ ሌላ መጽሐፍ አትግለጡ ማለት አይደለም። ካልቪን በ1532 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ሴኔካ የተባለው ሮማዊ ፈላስፋ በጻፈው ሥራ ላይ የተሰጠ ማብራሪያ ነበር። ከዚያ በፊትም ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲሰብክ የግሪኮቹን ባለ ቅኔዎች ቃል ጠርቷል (የሐዋርያት ሥራ 17)። ያላነበበውን ከየት አምጥቶ ይጠራዋል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። «መጽሐፍ ቅዱስ ይበቃኛል» ከሚለው ሰው አብዛኛው እርሱንም አላነበበውም። ዘሌዋውያንን ከዳር እስከ ዳር የጨረሰው መቼ ነው? የናሆም መልእክት ምንድን ነው ብንለውስ? የሚያውቀው በስልኩ የሚደርሰውን የዕለቱን ጥቅስና ከመድረክ የሚወረወሩትን አሥርና አሥራ አምስት ተወዳጅ ጥቅሶች ነው። እንግዲህ ሌሎቹን መጻሕፍት ያስቀረበት ለቃሉ ያለው ቅንዓት አይደለም፤ ስንፍና ነው፤ ስንፍናውንም የቅድስና ካባ አልብሶታል።

ሦስት መከላከያዎች ይቀርቡልናል። የመጀመሪያው ጳውሎስ ፊደል እንደሚገድልና መንፈስ ሕይወት እንደሚሰጥ መጻፉ ነው (2 ቆሮንቶስ 3)። ምዕራፉን ሙሉውን ያነበበ ሰው ግን ንግግሩ በድንጋይ ጽላት ስለ ተቀረጸው ሕግና ስለ አዲሱ ኪዳን እንጂ ስለ ማንበብና መጻፍ አለመሆኑን ይረዳል። ጥቅሱ ንባብን ለመቃወም የሚውለው ምዕራፉ ስላልተነበበ ነው።

ሁለተኛው እውቀት ያስታብያል የሚለው ነው። አዎ፣ ፍቅር የሌለው እውቀት ያስታብያል። አለማወቅም ግን እንደዚያው ያስታብያል፤ ከእርሱ የሚከፋው ደግሞ መታበዩን እንኳ አለማወቁ ነው። ያንኑ ቃል የጻፈው ሐዋርያ በዕድሜው መጨረሻ፣ በእስር ቤት ሞቱን እየጠበቀ ሳለ፣ ጢሞቴዎስ በጢሮአዳ የቀረውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ በተለይም ብራናዎቹን፣ ይዞለት እንዲመጣ ጠይቋል (2 ጢሞቴዎስ 4፥13)። ሦስተኛውን ሰማይ ያየ ሰው መጻሕፍቱ ናፍቀውታል! ከ1,400 ዓመታት በላይ ቆይቶ ዊልያም ቲንደል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ በብራስልስ አጠገብ በቪልቮርድ ግንብ ታስሮ ነበር። በ1535 እ.ኤ.አ. ብርዱ ሲጠናበት በጻፈው ደብዳቤ የሚሞቅ ቆብ፣ ካባና መብራት ለመነ፤ ከሁሉም አብልጦ የለመነው ግን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነበር። በዓመቱ ተገደለ። በነጻነት፣ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ተቀምጠን «ጊዜ የለኝም» ስንል እነዚህን ሁለት እስረኞች እናስባቸው።

ሦስተኛው ሐዋርያት ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ የሚለው ነው። ይህ የካህናቱ አለቆች የሰጧቸው ስም ነው። እነዚያ ሰዎች ሦስት ዓመት ያህል ከመምህራቸው እግር ሥር አልተለዩም። ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ መጨረሻ የጳውሎስን መልእክቶች እንደሚያውቃቸው፣ የሚያስቸግር ነገርም እንዳለባቸው፣ ያልተማሩና ያልጸኑ ሰዎችም እንደሚያጣምሟቸው ይመሰክራል። ዓሣ አጥማጁ ራሱ ካለመማር እያስጠነቀቀ እኛ በእርሱ ስም አለመማርን እንደ ጸጋ ስጦታ ልንቆጥር አይገባም።

አሁን ወደ ዘንድሮ መጻሕፍት እንመለስ።

አውግስጢኖስ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ጥበብን እንዲፈልግ ልቡን ያነሣሣው ኪኬሮ የተባለ አረማዊ የጻፈው መጽሐፍ መሆኑን ይናገራል። ጌታ በዚያ ጀምሮ ወደ ጳውሎስ መልእክት አደረሰው። እኛን ይበልጥ ያስቆመን ግን ስለ ሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ ስለ አምብሮስ የጻፈው ነው። አምብሮስ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። እንግዶች ሲገቡ ግን ድምፅ ሳያሰማ እያነበበ ያገኙታል፤ በዝምታ ተቀምጠው ይቆዩና ሳያውኩት ይሄዳሉ። ዛሬ መጋቢው ሲያነብ ቢያገኘው «ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» የማይል ሽማግሌ ስንት አለ? ስብሰባውን፣ ቀብሩን፣ ሠርጉንና ስልኩን እንደ አገልግሎት ቆጥረን ንባቡን እንደ ዕረፍት ስንቆጥርበት፣ እሑድ የሚቀርበው ማዕድ ለምን ባዶ ሆነ ብለን ልንጠይቅ አንችልም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱ የእርሱ አይደለም፤ ሸክሙ ግን የእርሱ ሆኖ ይኖራል። ይህን ስናነብ ትዝ ያሉን የእኛው ልጆች ናቸው፤ ሳይጠየቁ «ለአገልግሎት ተለይተሃል» የተባሉት፣ «ባልሽን ጌታ አሳይቶኛል» የተባሉት። ጉዱ ካሳም አለ፤ የአገሩን ልማድ ስለ ጠየቀ እንደ እብድ ታየ። በጉባኤዎቻችን ስለ ገንዘብ አያያዝ ወይም ስለ ትምህርት የሚጠይቅ ወጣት ምን ይባላል? «የተቀባውን አትንካ» ይባላል። እንግዲህ ልብ ወለድ ለመንፈሳዊ ሰው የሚያደርግለት ይህን ነው፤ በሌላ ሰው ታሪክ በኩል የራሱን ጉባኤ ያሳየዋል።

ቦንሆፈር በ1937 እ.ኤ.አ. ርካሽ ጸጋን፣ ማለትም ንስሐም ደቀ መዝሙርነትም የሌለበትን ይቅርታ፣ የቤተ ክርስቲያን ጠላት ብሎ ጻፈ፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ሰቀሉት። ስለ በረከት ብቻ ለሚሰብክ መድረክ ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ አላገኘንም።

የፍራንክል ነገር ደግሞ በዓመቱ ካነበብነው ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ነሥቶናል። ይህ አይሁዳዊ ሐኪም በናዚ ማጎሪያዎች ታስሮ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. የገና በዓልና በአዲሱ ዓመት መካከል ባለው ሳምንት በካምፑ የሚሞተው ሰው ከወትሮው ይልቅ እንደ በዛ ይተርካል። የካምፑ ሐኪም ያገኘው ምክንያት የምግብ ወይም የሥራው ክብደት ለውጥ አልነበረም። ብዙዎች «ለገና ቤታችን እንገባለን» ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ቀኑ ሲያልፍ ተስፋቸው ተሰበረ፤ ሰውነታቸውም አብሮ ተሸነፈ። «በሦስት ወር ውስጥ ታሪክህ ይለወጣል» የምትሉ ነቢያት ሆይ፣ ይህን ስሙ! ጌታ ያልተናገረውን ቀን ለደከመ ሰው መስጠት ማጽናናት አይደለም፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚሰበረው ሰው አለ። መድኃኒቱን ያቆመ፣ ቤቱን የሸጠ፣ በመጨረሻም ጌታን የተወ ሰው አለ።

የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ መጻሕፍትን እየመረመሩ ነበር የሰሙት (የሐዋርያት ሥራ 17፥11)። የማያነብ ምዕመን ግን ጮክ ብሎ የተናገረው ሁሉ ይገዛዋል። ንባብን የሚነቅፉ አንዳንድ መድረኮችም የሚፈሩት ሌላ ነገር አይመስለንም፤ የሚያነብ ሰው ጥቅሱን ገልጦ ያያል።

በእጃችን ያለው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የአንባቢዎች ድካም ፍሬ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም መነኩሴ በካይሮ 10 ዓመት ያህል ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ተረጎመ። በ1820 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዛው፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያ መነኩሴ ቋንቋና መጻሕፍት ባያውቅ ኖሮ «ይህ ብቻ ይበቃኛል» የምንልበት አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መቼ እጃችን ይገባ ነበር?

ሁሉን አንብቡ፣ ያነበባችሁትን ሁሉ እመኑ አንልም። መርምሩ፤ መልካሙን ያዙ፤ ቃሉ በሁሉም ላይ ይፍረድ። መጻሕፍት መወደዳቸውንም እናውቃለን። ስለዚህ ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ የምታዋጣ አጥቢያ ለአንዲት የመጻሕፍት መደርደሪያም ታዋጣ፤ አንዱ የገዛውን አሥሩ ይዋሰው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ የራእይ መጽሐፍ ሲጀምር ብፅዕና የሰጠው ለሚያነበውም ለሚሰሙትም ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለን። ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ አልገባውም ነበር። ፊልጶስ የደረሰለት ግን በዚያ ሰዓት ነው፤ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ። ያልገባችሁን አንብቡ፣ ጠይቁም፤ ጥያቄያችሁን የሚፈራ መምህር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የጌታ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።