ሻይ የሚያመጣልን ሰው ስሙ ማን ነው?

ሚያዝያ 23 ቀን በአገራችን የሠራተኞች ቀን ተብሎ ይከበራል። መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ንግግር ያሰማሉ፤ ጋዜጦችም ስለ ላብ አደሩ ክብር ይጽፋሉ። እዚህ ሳምጣ ግን ዕለቱ እንደ ማንኛውም ቀን ይውላል። የሳዑዲ ዐረቢያ በዓላት ሁለቱ ዒዶች፣ የምሥረታ ቀንና ብሔራዊ ቀን ናቸው። ከአገር ቤት ዘመድ ወዳጅ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት ሲልክልን ብዙዎቻችን የምናነበው ሥራ ገበታችን ላይ ሆነን፣ ሌላ ሰው ያፈላልንን ሻይ እየጠጣን ነው። የዛሬው ጽሑፌ ያንን ሻይ ስለሚያፈላው ሰው ነው።

በዓሉ ከየት እንደ መጣ ብዙ አንባቢ ያውቃል። በ1886 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ሠራተኞች የቀን ሥራ ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ ደምም ፈሰሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ማኅበራትና የሶሻሊስት ፓርቲዎች ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን እንዲሆን ወሰኑ። በዓሉን ማክበር ይገባል አይገባም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም። ለእኛ ለሙስሊሞች ሁለት ዒዶች አሉን፤ ይበቁናልም። ነገር ግን ከበዓሉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ፣ ማለትም የሚሠራልን ሰው በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ምንድን ነው የሚለው፣ ከቺካጎም ከፓሪስም ይቀድማል። መዲና ውስጥ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል። እኔ ግን መልሱን በመድረሳ የተማርኩት ሆኜ ሳለ፣ የገባኝ አንድ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት የወገኖቻችንን ጉዳይ ለማስተርጐም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት እመላለስ ነበር። በዚያ ቤት ሻይ የሚያፈላ፣ ወለል የሚጠርግ፣ ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልስ አንድ የወሎ ሰው ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ነው። መጀመሪያ በተገናኘንበት ቀን አማርኛ ሰምቶ ፊቱ በራ፤ ስሙንም አገሩንም ነገረኝ። እኔ አገሩን ያዝሁ፤ ስሙን ግን ረሳሁት። የቤቱ ሰዎች ሁሉ «ሰዲቅ» ይሉት ነበርና እኔም ሳላስበው «ሰዲቅ» ማለት ጀመርሁ። ቃሉ በዐረብኛ ወዳጅ ማለት ነው። እዚህ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወዳጅ ለሚሉት ሰው አይነገርም፤ ስሙን ለመጠየቅ ለማይፈልጉት ባዕድ ነው የሚነገረው። እርሱ ግን እኔን ሁልጊዜ «ኡስታዝ» ይለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ሻዩን ሌላ ሰው ማምጣት ጀመረ። ማንም «የቀድሞው ወዴት ሄደ?» አላለም፤ እኔም አላልሁም። ሻዩ በሰዓቱ ይመጣል፤ ወለሉም ተጠርጓል። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የበሩ ጠባቂ በወሬ መሀል ታሞ ሆስፒታል መተኛቱን ነገረኝ። ደንግጬ በዚያው ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ልጠይቀው ሄድሁ። በሆስፒታሉ መቀበያ የተቀመጠው ወጣት በትሕትና «የምትጠይቀው ሰው ስም ማን ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ከእጁ ሻይ ተቀብያለሁ። በአንድ ሰፍ ቆመን ሰግደናል። አንድ ቋንቋ እንናገራለን። ስሙን ግን አላውቅም። ለወጣቱ «ሰዲቅ» ልለው አልችልም፤ በዚያ ሆስፒታል በሥራ ብዛት ወገባቸው የጎበጠ ስንት «ሰዲቆች» ተኝተው ይሆን? ወደ ጠባቂው ደውዬ፣ ጠባቂውም ሌላ ሰው ጠይቆ፣ ስሙ በሦስተኛ እጅ ደረሰኝ።

ከአልጋው አጠገብ ስቀመጥ ያለኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ኡስታዝ፣ ሻዩን ማን እያፈላ ነው? መዝገብ ቤት ያሉት ሽማግሌ ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። ለአዲሱ ልጅ ንገረው» አለኝ። እርሱ የሃያ ሰው ሻይ በቃሉ ያውቃል። የማን ወፍራም፣ የማን ቀጭን፣ የማን በዝንጅብል እንደ ሆነ ያውቃል። ሃያ ሰው ግን የእርሱን ስም አያውቅም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኋላም አገሩ ገባ። ስሙን እዚህ ያልጻፍሁት ፈቃዱን ስላልጠየቅሁት ነው፤ ዳግመኛ ግን አልረሳሁትም።

ያን ዕለት ማታ ከሆስፒታሉ ስመለስ በሐሳቤ የመጣው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የመስጂድ ጠራጊዋ ታሪክ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ ጉድፍ እየለቀመች የምታጸዳ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። አንድ ቀን ነቢዩ አጧትና ጠየቁ። ሞታ መቀበሯን ነገሯቸው። ለምን አላስታወቃችሁኝም ብለው ወቀሱ፤ ዘጋቢው እንደሚለው ሰዎቹ ጉዳይዋን አሳንሰው የተመለከቱ ይመስል ነበር። ከዚያም መቃብሯን እንዲያሳዩአቸው አዘዙ፤ ሄደውም ሰገዱባት። በሁለቱ ሰሒሖች ስሟ አልተጠቀሰም፤ በሌሎች ዘገባዎች ኡሙ ሚሕጀን ትባላለች።

ይህን ሐዲስ በትምህርት ቤት ስንማረው የምንወያየው በቀብር ላይ መስገድ ይፈቀዳል ወይ በሚለው ሕግ ላይ ነበር። ሕጉ ትልቅ ነው። ነገር ግን ከሕጉ በፊት የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ «አጧት» የሚለው። የጦር መሪ፣ ፈራጅና የኡማው ኢማም የነበሩ ሰው፣ ጉድፍ የምትለቅም ሴት መቅረቷን አስተዋሉ። ጉድፉ ስለ በዛ አልነበረም፤ እርሷ ስለ ጎደለች ነው። እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያላስተዋልሁት ይኸንን ነበር። ዐሥር ዓመት ያገለገላቸው አነስ (ረ.ዐ.) በእርሱ ላይ «ኡፍ» እንኳ ብለው እንደማያውቁ የመሰከረውም ስለ እኒሁ ነቢይ ነው።

በሌላ ሐዲስ ደግሞ አገልጋይ ምግብ ሲያቀርብ አብሮ እንዲያስቀምጡት፣ ካልሆነም አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲሰጡት አዘዋል፤ ምክንያቱንም ሲናገሩ የምግቡን እሳትና ድካም የቻለው እርሱ ነው አሉ። የጂዛንን በጋ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ውጭው እንደ ምድጃ በሚነድበት ሰዓት ጠባቧ ሻይ ማፍያ ክፍል ውስጥ ከእሳት ጋር የሚቆመው አንድ ሰው ነው፤ ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጠን የምንጠጣው እኛ ነን። ቁርኣንም በሱረቱ አል-ሑጁራት አንዱ ወገን ሌላውን እንዳያፌዝበት፣ በክፉ ቅጽልም እንዳይጠራራ ይከለክላል። «ሰዲቅ» ክፉ ቃል አይደለም። ሰውየውን ስም የለሽ ለማድረግ ሲውል ግን ከክፉ ቅጽል ምን ያህል ይርቃል?

ከዚህችው ከሳምጣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሸይኽ ዐብዱላህ አል-ቀርዓዊ በ1358 ዓመተ ሂጅራ እዚህ መጥተው ማስተማር በጀመሩ ጊዜ፣ በአቅራቢያው አል-ጃዲዕ በሚባል መንደር የወላጆቹን በጎች የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነበር። መማር ይፈልጋል፤ ወላጆቹን ግን ትቶ መምጣት አይችልም። ሸይኹ «እረኛ ነው» ብለው አልተዉትም፤ ራሳቸው ወደ መንደሩ ሄዱ። ያ ልጅ ኋላ ሸይኽ ሓፊዝ አል-ሐከሚ ሆነ። በ1374 የሳምጣ የትምህርት ተቋም ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ በ1377 መካ ውስጥ ገና በ35 ዓመታቸው ሲያርፉ መጽሐፎቻቸው ዛሬም በመድረሳው የሚጠኑ ዓሊም ነበሩ። ሸይኹ በጎቹን ብቻ አይተው ቢያልፉ ኖሮ ይህች ከተማ ያን ዓሊም አታገኝም ነበር።

ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ የምቀስር እንዳይመስል፣ ወደ ራሳችን ልመለስ። ሥራን መናቅ በአገራችን ረዥም ዘመን የኖረ በሽታ ነው። ብረት የቀጠቀጠ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሸመነ ይሰደብ ነበር። በሰሜኑ ደጋ ርስት የተነፈጉ ብዙ ሙስሊም አባቶቻችን በሽመናና በንግድ ይተዳደሩ ነበርና ስድቡ በእነርሱም ላይ ወድቋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። ዐዋጁ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ግን በአዲስ አበባም በደሴም መሥሪያ ቤት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት አባቱ የሚሆኑትን ዘበኛ «አንተ» ሲል፣ ከእርሱ በላይ ላለው አለቃ ግን «እርስዎ» ሲል እንሰማለን። በሠራተኞች ቀን መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ በሩ ላይ የሚቀረውም ያው ዘበኛ ነው።

በስደት ላይ ያለነውም ያንኑ ልማድ ይዘን ተሻግረናል። «ሰዲቅ» ሲሉን ይከፋናል። ከእኛ ዝቅ ያለ ሥራ ያለውን የባንግላዴሽ ወይም የየመን ወንድማችንን ግን እኛም በዚያው ስም እንጠራዋለን። ትንሽ ሻል ያለ ሥራ ያገኘ ወገን፣ ትናንት አብሮት መጥረጊያ የያዘውን ሰው በሰው ፊት አማርኛ ሲያናግረው የሚያፍር አለ። የሰውን ክብር በዜግነት ወይም በደመወዝ የምንለካ ከሆነ፣ በእኛ ላይ በዚያው መስፈሪያ ሲሰፈር ማማረር አንችልም።

ክብር ደግሞ በፈገግታና በሰላምታ ብቻ አያበቃም። ደመወዙን ሳይሰጡ ሰውን በስሙ መጥራት ክብር አይባልም። ነቢያችን የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው አዘዋል። አላህም በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ካሠራ በኋላ ዋጋውን የከለከለ እንደ ሆነ በሐዲሰል ቁድሲ ተነግሯል። የአገሩም ሕግ ዝም አላለም። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቀኑን ሥራ በስምንት ሰዓት፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት ይወስናል፤ በረመዳን ለሙስሊም ሠራተኛ በቀን ስድስት ሰዓት ያደርገዋል። ከአምስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ማሠራትን ይከለክላል፤ ለዕረፍት፣ ለሰላትና ለምግብ የሚሆነው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ ያዛል። የዓመት ፈቃድ ቢያንስ 21 ቀን፣ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ 30 ቀን ነው። የቺካጎ ሠራተኞች በደም የጠየቁት ስምንት ሰዓት ዛሬ እዚህ በሕግ ተጽፎ ይገኛል። የቤት ውስጥ ሠራተኞች ግን በዚህ ሕግ ሳይሆን በራሳቸው ደንብ እንደሚተዳደሩ እኅቶቻችን ይወቁት።

ችግሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ከምናያቸው ተላላኪዎችና ጽዳት ሠራተኞች ብዙዎቹ የዚያ ቤት ቅጥር ሠራተኞች አይደሉም፤ ተቋራጭ ያመጣቸው ናቸው። ደመወዛቸው ሲዘገይ መሥሪያ ቤቱ «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ይላል፤ ተቋራጩም የራሱን ምክንያት ያቀርባል። በመካከል ሻዩ በሰዓቱ ይመጣል። እዚህ ላይ እኛ፣ አለቃም ሹምም ያልሆንን፣ ምን እናደርጋለን? ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን፤ «ደመወዝህ ገብቷል?» የሚል። ካልገባ፣ ዐረብኛ የሚጽፍ ሰው ማመልከቻ ሊጽፍለት፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ወደሚመለከተው ክፍል ሊወስደው ይችላል። ሕግ የሚጠቅመው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ እርሱ ካላወቀው እኛ ልናሳውቀው አማና አለብን።

ስለዚህ የዘንድሮው ሚያዝያ 23 ያለ ሰልፍና ያለ ንግግር እንዲያልፍ ቢሆንም ያለ ፍሬ አይለፍ። በዚህ ሳምንት ሁላችንም በምንሠራበትም ሆነ ጉዳይ ልንፈጽም በምንመላለስበት ቤት፣ ሻይ ለሚያመጣልን፣ ወለል ለሚጠርግልን፣ በር ለሚጠብቅልን ሰው ስሙን እንጠይቀው። ሽማግሌ ከሆነ «አያ» ወይም «ዐሚ» ብለን እንጥራው። አገሩ ወዴት እንደ ሆነ፣ ልጆች እንዳሉት፣ ዕረፍት ማግኘቱን እንጠይቀው። አንድ ቀን ብቻ ጠይቆ መተው ሳይሆን፣ የቀረ ቀን «ዛሬ ወዴት ነው?» ለማለት እንድንችል ነው። የነቢያችን ሱንና ይህ ነው።

እኔ አሁን ወደ አንድ ቤት ስገባ አስቀድሜ ስም እጠይቃለሁ፤ እንዳልረሳም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ይህ የደግነት ሥራ አይደለም፤ የዘገየ ዕዳ ነው። ያን ቀን በሆስፒታሉ መቀበያ የተጠየቅሁትን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳያውቀው ቆሞ እንዳይጠየቅ ብዬ ነው የጻፍሁት። አላህ የሥራ ባልደረቦቻችንን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።