አመል እንጂ ነፍስ አይደለም

በፎቶግራፍ ሰዎች ዘንድ አንድ ያልተቋጨ ክርክር አለ። የክርክሩ መነሻ ከሠላሳ፣ ከአርባ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ለፊልም ካሜራ ተሠርቶ ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ላይ የሚገጠመው፣ ፎከሱ በእጅ የሚስተካከለው አሮጌ ሌንስ ነው። አንደኛው ወገን «ዘመኑ ያለፈበት ብረት ነው፤ ሙያውን ያከበረ ሰው አዲሱን ይገዛል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አዲሱ ንጹሕ ነው፣ ግን በድን ነው፤ ነፍስ ያለው አሮጌው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን እኩል አይደለም። ሌንሱን የናቀ ሰው ቢበዛ አንድ ጠቃሚ መሣሪያ ይቀርበታል። ያመለከው ሰው ግን መሣሪያውን ከሚጠቅማቸው ሰዎች እጅ አውጥቶ ከጌጣጌጥ ጎን ይደረድረዋል። ሙግቱ ይበልጡን ከወዳጆቹ ጋር መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ አሮጌው ሌንስ ከመሳቢያ የወጣው በተአምር አይደለም። ማንኛውም ሌንስ ሩቁን አጥርቶ የሚያሳየው ከፊልሙ ወይም ከሴንሰሩ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። በፊልም ዘመን ባለመስተዋት ካሜራዎች ውስጥ መስተዋቱ የሚነሣበትና የሚመለስበት ቦታ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ይህ ርቀት ሰፊ ነው፤ በጥርስ በሚጠመዘዘው ባለ 42 ሚሊሜትር መግጠሚያ 45.46፣ በኒኮን 46.5፣ በካኖን ኤፍዲ 42 ሚሊሜትር ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ርቀቱ 44 ሚሊሜትር የሆነውን የኢኦኤስ ካሜራ ሲያወጣ፣ የኤፍዲ ሌንስ ባለቤቶች ንብረት በአንድ ጀንበር ባለቤት አልባ ሆነ። ሌንሱ ያለ ተጨማሪ ብርጭቆ በአዲሱ ካሜራ ላይ ሩቁን ማየት አይችልምና።

ነገሩን የለወጠው የመስተዋቱ መቅረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ1 መስተዋቱን አስወገደ። ሶኒ በ2010 ርቀቱን 18 ሚሊሜትር አደረሰው፤ በ2013 ደግሞ ያንኑ መግጠሚያ የፊልምን ያህል ስፋት ካለው ሴንሰር ጋር አጣመረው። በ2018 ካኖን በ20፣ ኒኮን በ16 ሚሊሜትር ተከተሉ። እንግዲህ በ18 እና በ45.46 መካከል የሚቀረውን የ27.46 ሚሊሜትር ክፍተት የሚሞላው፣ ነጋዴዎች አዳፕተር የሚሉት፣ በውስጡ አንዳችም ብርጭቆ የሌለው ባዶ የብረት ቀለበት ነው። የአሮጌው ሌንስ ትንሣኤ ምሥጢር ይኸው ነው፤ በሂሳብ ማሽን የሚሰላ ነገር ነው።

«ነፍስ» የሚባለውስ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚወደሰውን ሌንስ መመርመር ይበቃል። ስሙ ሄሊዮስ 44 ነው፤ 58 ሚሊሜትር፣ ትልቁ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 2። የተሠራው በመጀመሪያ ከሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ሲሆን፣ ንድፉ የየና ከተማው የካርል ዛይስ ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባወጣው ባዮታር በተባለው ሌንስ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዜኒት ካሜራ ጋር በሚሊዮን እየተመረተ ተሰራጭቷል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን በአንዱ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ከነቆዳ ማኅደሩ ዛሬም ተቀምጦ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የዚህ ሌንስ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከኋላ ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ያለበት ሰው ሲነሣ፣ ዳራው በሰውየው ዙሪያ እንደ አዙሪት የሚሽከረከር ይመስላል። አድናቂዎቹ ነፍስ ያሉት ይህንን ነው። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ከጎን የሚገባው ብርሃን በከፊል በሌንሱ በርሜል ጠርዝ ስለሚቆረጥ፣ በመሐል ክብ የሆነው የብርሃን ነጥብ ወደ ዳር ሲሄድ የዓይን ቅርጽ ይይዛል። በዚያም ላይ የዳሩ ብርሃን በአንድ ነጥብ እንዲሰበሰብ በሚገባ አልታረመም። መሐንዲሶቹ ይህን ፈልገው አላመጡትም፤ በጊዜው በነበራቸው ብርጭቆና በተፈቀደላቸው ዋጋ ሊያስወግዱት ያልቻሉት ጉድለት ነው።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር የተስማማ ቃል አለው፤ አመል ይለዋል። በቅሎ ሻጭ «ይህች በቅሎ አመል አላት» ብሎ ቢናዘዝ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አመል ያወጣል ከመሐል ይላል ተረቱም። በሌንስ ገበያ ግን አመሉ ስሙን ለውጦ ነፍስ ሲባል፣ ዕቃው ከመሐል በመውጣት ፈንታ ከወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

ሱፐር ታኩማር የተባለው የአሳሂ ኩባንያ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስም ሌላ ምስክር ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ብርሃንን አጥብቆ እንዲሰብር ሲባል ቶሪየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ብርጭቆ አለ። ይህ ብርጭቆ ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ፣ አልፎም የሻይ ቀለም ይሆናል። «የድሮ ሙቀት» ተብሎ የሚሞገሰው ቀለም አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ሌንሱ ለተወሰኑ ቀናት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፊት ሲቀመጥ ቢጫነቱ ይለቀዋል፤ ነፍሲቱም አብራ ትወጣለች ማለት ነው! ወደ ፀሐይ ሲዞር በሥዕሉ ላይ የሚወርደው ጭጋግ መሳይ ልስላሴም በአብዛኛው የመጣው የብርጭቆው ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ነጠላ ከመሆኑ ነው። አሳሂ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1971 ተደራራቢ ሽፋን ያላቸውን ታኩማሮች ያወጣው ይህን ጭጋግ ለመቀነስ ነበር። ሠሪው ሊያባርረው የደከመበትን ነገር ገዢው በገንዘቡ እየፈለገው ነው።

ከዚህም የከፋው የፔትስቫል ታሪክ ነው። ጆሴፍ ፔትስቫል እ.ኤ.አ. በ1840 በቪየና የሰው ምስል ሌንሱን ሲነድፍ፣ የተፈለገው ብርሃን በብዛት አስገብቶ ተነሺው ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥበትን ጊዜ ማሳጠር ነበር። የዳሩ መደብዘዝና መሽከርከር ለዚህ ፍጥነት የተከፈለ ዋጋ ነው። በ2013 ሎሞግራፊ የተባለው ኩባንያ ሌንሱን ለዘመኑ ካሜራዎች እንደገና ሠርቶ ሲያቀርብ ዋናው መሸጫው ያው የዳሩ መሽከርከር ሆነ። ለነዳፊው ዕዳ የነበረው ለሻጩ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ጎዳ? ደስ ካላቸው ይሽከርከር» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሚደርሰው በተነሣው ሰው ላይ ነው። አዙሪቱን ለማሳየት የሚነሣ ፎቶ ሰውየውን የአዙሪቱ ማሳያ ያደርገዋል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣ፣ ተመልካቹ የሚያደንቀው ከኋላ ያለውን ቅጠል ነው። ቤቱ፣ ግድግዳው፣ በበሩ የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ ሟሙቶ ይጠፋል። ፎቶው በጎንደር ይነሣ በጅቡቲ ወይም በናይሮቢ፣ ለይቶ የሚናገር ምልክት አይቀርበትም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቻቸው ያንን ፎቶ ሲያወጡ የሚፈልጉት ግን የጓሮውን አጥርና የግድግዳውን ሥዕል እንጂ የሩሲያ ሌንስ አመል አይደለም። ሌንሱ ይህን ሁሉ ማሳየት ተስኖት አይደለም፤ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 8 ሲጠብ ሄሊዮስ ከመሐል እስከ ዳር የረባ ሥራ ይሠራል። አምላኪው ግን ቀለበቱን ከኤፍ 2 ማንቀሳቀስ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚታየው በገበያ ላይ ነው። የአሮጌ ሌንስ ትልቁ በረከት ርካሽነቱ ነበር። አዲስ ሌንስ ለመግዛት አቅም ያጣ ጀማሪ ከዘመድ ቁም ሣጥን ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ሌንስ አግኝቶ ሥራ ይጀምር ነበር። ነፍስ የሚለው ስብከት ሲስፋፋ፣ የሚጠቀምበት ሳይሆን የሚሰበስበው ሰው ዋጋ ቆራጭ ይሆናል። መሣሪያው ሥራ ሳይሠራ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ መደርደሪያ ይዘዋወራል፤ ጀማሪውም ወደ ብድር ይመለሳል።

ይህን የሰማ የመጀመሪያው ወገን ግን «እንግዲያው ይጣል» ብሎ ለመደሰት አይቸኩል። በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ባለመስተዋት ካሜራን በሰፊው ያስለመደው ሚኖልታ 7000 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳና፣ በጨለማ፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያነሡት ሰዎች ቀለበቱን ያዞሩት በጣታቸው ነበር። በእጅ የሚሠራ ፎከስ ለቁም ነገር አይሆንም ማለት የዚያን ሁሉ ዘመን ፎቶ መካድ ነው።

የዘገምተኛነቱም ክስ ቢሆን በከፊል ብቻ እውነት ነው። በአሮጌ ሌንስ በርሜል ላይ የርቀት ቁጥርና በየቀዳዳው መጠን ጥርት ብሎ የሚታየውን ክልል የሚያመለክት ሰሌዳ ተቀርጿል። ባለ 28 ሚሊሜትሩን ሌንስ በሙሉ ስፋት ሴንሰር ላይ ገጥሞ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8፣ ርቀቱን 3.3 ሜትር ላይ ያደረገ ሰው ከ1.7 ሜትር ገደማ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጠርቶ ይወጣለታል። በመርካቶም ሆነ በናይሮቢው ጊኮምባ ገበያ ግፊያ ውስጥ ከዚያ በኋላ ፎከስ ማድረግ የሚባል ነገር የለም፤ ማየትና መጫን ብቻ ነው። ከዚህ የሚፈጥን ሞተር የለም። ይህን ሰሌዳ ብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች ከበርሜላቸው ላይ አጥፍተውታል።

በቅርብ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ሌላ ነው። ባለ 58 ሚሊሜትሩ ሌንስ በኤፍ 2፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ አጥርቶ የሚያሳየው ውፍረት 8 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የዘመኑ ካሜራ ምስሉን በማጉላትና የጠራውን ጠርዝ በቀለም በማመልከት ይረዳል፤ በዚህ ረገድ አሮጌውን ሌንስ ከቀድሞው ባለቤቱ ይልቅ ዛሬ የያዘው ሰው በትክክል ሊያነጣጥርበት ይችላል። ነገር ግን 8 ሳንቲሜትሯ የት ትዋል የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። የሽማግሌው ዓይን ላይ? ወይስ መቁጠሪያውን በያዘው እጃቸው ላይ? አውቶፎከስ ዓይንን እንዲመርጥ ተምሯል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። እጁ ከዓይኑ የሚበልጥ ነገር የሚናገርበትን ጊዜ ግን የሚያውቀው ፎቶ አንሺው ነው፤ ቀለበቱም በየጊዜው ይህንኑ ይጠይቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጥገና ጉዳይ አለ። በብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች ላይ የፎከሱ ቀለበት ከብርጭቆው ጋር በብረት አልተያያዘም፤ ለሞተር ትእዛዝ ይልካል እንጂ። ሞተሩ ወይም ሰሌዳው ሲበላሽ ቀለበቱ በከንቱ ይዞራል። አሮጌው ሌንስ በአንጻሩ ብርጭቆ፣ የብረት ጥርስ፣ ጥቂት ብሎንና ግራሶ ነው። ግራሶው ሲደርቅ ይጠነክራል፤ የሰዓት ጠጋኝ መሣሪያና የረጋ እጅ ያለው ሰው ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ ይመልሰዋል። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ባለሙያ፣ ዕቃው ሲበላሽ ባሕር ተሻግሮ ወደ ፋብሪካ ሊልክ ለማይችል ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንጀራው የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነው።

እርግጥ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ ገዢ ዓይኑን መክፈት አለበት። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን ይመልከት፤ እንደ ሞምባሳ፣ ጅቡቲና ምጽዋ ባሉ ወበቃማ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህ ዋናው ጠላት ነው፤ እርጥበት የሚይዘው የቆዳ ማኅደርም ያባብሰዋል። የቀዳዳው ቅጠሎች ዘይት እንዳልነካቸው ያረጋግጥ። በካሜራው ላይም ያለ ሌንስ ማንሣት የሚፈቅደውን ትእዛዝ ይክፈት፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ካለውም የሌንሱን ሚሊሜትር ራሱ ይሙላ፤ አሮጌው ሌንስ ለካሜራው ስሙን አይነግረውምና።

ወሰኑንም መካድ አይገባም። በእግር ኳስ ሜዳ፣ ወደ ካሜራው ለሚሮጥ ሕፃን፣ ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ዳግመኛ ለማትወርድበት ቅጽበት፣ አውቶፎከስ ይሻላል። ደንበኛ የከፈለበትን ሥራ ለአሮጌ ሌንስ ፍቅር ሲሉ ማበላሸት ጥበብ አይደለም፤ እምነት ማጉደል ነው። መሣሪያ እንደ ሥራው ይመረጣል።

አሮጌውን ሌንስ የሚያድነው እንግዲህ ይኸው አስተያየት ነው። ቁም ሣጥን ላይ ዜኒት ያለው ቤተሰብ ሌንሱን ለሰብሳቢ ከመሸጡ በፊት በቤቱ ወይም በሰፈሩ ፎቶ መማር የሚሻ ልጅ እንዳለ ይጠይቅ። ሙያውን የሚያስተምሩም ለተማሪው በመጀመሪያው ወር አንድ አሮጌ ሌንስና አንድ ባዶ ቀለበት ይስጡት፤ ርቀት መገመትን፣ ቀዳዳ መምረጥን፣ መወሰንን ይማርበት። ጠጋኞች ጥርሱን የሚፈቱበትን ዘዴ ለወጣት ያሳዩ። ነፍስ ነፍስ የሚሉትም ቃሉን ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ነፍስ ያለው ከሌንሱ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።