ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ምን ዓይነት ውሻ ያሳድግ?

 

ለዚህ አምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ ቤት ኪራይ ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። የመጣው ከለንደን ነው። ጸሐፊዋ የ29 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትኖረው ጀልባ ላይ ነው። አዎ፣ ጀልባ ላይ! «ምን ጉድ ነው?» ማለታችሁ አይቀርም፤ እኔም ብያለሁ። እኔ በዕድሜዬ ጀልባ የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ባህር ዳር ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ለንደን ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሲሆን በሳምንት አራት ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት እገባለሁ። የቤት ኪራዩ ቢከብደኝ ያጠራቀምኳትን ይዤ አሮጌ ጀልባ ገዛሁ። ቋሚ ማቆሚያ ስለሌለኝ በየሁለት ሳምንቱ ከቦታ ቦታ እዛወራለሁ። ኑሮውን ወድጄዋለሁ። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ሌሊት ሰው ጣራዬ ላይ ወጥቶ ሲራመድ ሰማሁ። ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እረፍት በሆንኩባቸው ሌሊቶች እንቅልፍ የሚባል የለም። አሁን አንድ ጓደኛዬ ቤት ስለሚቀይር የስምንት ወር ጀርመን ሸፐርድ ውሻውን በነፃ ልስጥሽ አለኝ። ግርማ ሞገሱ ያስደስታል! እናቴ በስልክ ስነግራት ‹ውሻ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ? በስመ አብ!› አለች። ጓደኛዬ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ልውሰደው ወይስ ሌላ ዝርያ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ክፉ አላገኘሽ! ብቻዋን የምትኖር ሴት ጣራዋ ላይ ኮቴ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅተኝም። መልሴን ግን ሳላንዛዛ ልንገርሽ፦ ጀርመን ሸፐርዱን አትውሰጂ። ምክንያቱን ቁጭ ብለን እንመካከር።

በግርማ መምረጥ ይቅር

በእኛ አገር ውሻ የሚመረጠው በግርማው ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፍና አለቀ! እኛም ቤት አንድ ነበረን፤ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት የሚፈታ። ሌባ አላስደፈረንም። ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ምን እያሰበ እንደሚውል ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። አንቺ ዘንድ ደግሞ ግቢ እንኳ የለም። ግቢሽ ውሃ ነው።

ኑሮውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። እንግሊዞች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ የሚያጓጉዙባቸው ሰው ሠራሽ የውሃ ቦዮች ቆፍረዋል፤ ካናል ይሏቸዋል። ያኔ ጀልባውን የሚጎትተው በዳር የሚሄድ ፈረስ ነበር። የፈረሱ መንገድ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ለንደንን አቋርጦ የሚያልፈው ሪጀንትስ ካናል ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። ባቡርና መኪና ጭነቱን ሲወስዱት ጀልባዎቹ ለሽርሽርና ለመኖሪያ ዋሉ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በተለምዶ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይቆምም። የእህታችን በየሁለት ሳምንቱ መዛወር ከዚህ የመጣ ነው።

ጠባቡ ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ግን እስከ 21 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ውስጡን ለመገመት ከፈለጋችሁ የሚኒባስ ታክሲ ወርድ ያለው ረጅም ኮሪደር አስቡ። አልጋው፣ ምድጃው፣ ጠረጴዛው፣ መታጠቢያው ሁሉ በአንድ መስመር ነው። መውጫና መግቢያው ቁልቁል የሆነ ደረጃ ነው። ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ርቆ ደግሞ ሰው ቀኑን ሙሉ ያልፋል።

እርጥብ ውሻ ማንሳት ትችያለሽ?

የጀልባ ውሻ ስትመርጪ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ጀልባ ላይ የሚኖር ውሻ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ካናል ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ በአብዛኛው ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ነው። ችግሩ ዳሩ ነው። በድንጋይ ወይም በብረት ቀጥ ብሎ የተሠራ ግድግዳ ስለሆነ ዋና የሚችል ውሻ እንኳ መውጫ አጥቶ ሲዋኝ ይደክመውና ይሰምጣል። የሚያወጣው አንቺ ነሽ፤ ብቻሽን፣ ምናልባትም በጨለማ።

ያደገ ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ፀጉሩ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይጨምራል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ብዙም ያልራቀ፣ ያውም የሚፈራገጥ ሸክም ጎንበስ ብለሽ ከውሃ ታወጫለሽ? በዚያ ላይ ይህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃዋል። ሲያረጅ በየቀኑ ደረጃውን ተሸክመሽ ልታወጪው ነው። የተፈጠረውም ለሥራ ነው፤ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ሲጮህ ከዋለ አንቺም አትተኚ፣ ጎረቤትም አይተኛ!

ጀልበኞቹ ራሳቸው ምን መረጡ?

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። በጀልባ እየኖሩ ብዙ ዘመን የቆጠሩት ሰዎች ለጥበቃ የመረጡት ትልቅ ውሻ አይደለም። በቤልጅየም ጀልባዎች ላይ የታወቀው ውሻ ስኪፐርኪ ይባላል። ጥቁር፣ ፊቱ የቀበሮ፣ ክብደቱ ከ9 ኪሎ የማይበልጥ ነው። ስሙን ብዙዎች «ትንሹ ጀልበኛ» ብለው ይተረጉሙታል። ሥራው አይጥ መያዝና እንግዳ ሰው ሲመጣ መጮህ ነበር። የሆላንዶቹ ኬስሆንድ ትንሽ ከፍ ይላል፤ 20 ኪሎ አይሞላም። እሱም ይታወቅ የነበረው በንቃቱና በጩኸቱ ነው።

ምስጢሩ ገባሽ? ጀልባ የሚያስፈልገው የሚነክስ ሳይሆን የሚነግር ነው። በጨለማ ጣራ ላይ የወጣ ሰው ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ የውሻውን ቁመት ለመለካት አይቆምም፤ እግሬ አውጪኝ ይላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ትልቁ ብቻ አልተባለም።

እንግዲህ ዝርያዎቹን እንያቸው

ስኪፐርኪ ለአንቺ ጀልባ በልኩ የተሰፋ ነው። ግን እንግሊዝ ውስጥ እንደልብ አይገኝም፤ ካልተገራም ለቅጠል ሁሉ ይጮኻል።

ኬስሆንድ ጠባዩ መልካም ነው። ፀጉሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በሚኒባስ በምታክል ክፍል ውስጥ አስቢው! ነጠላ ለብሳ የምትመጣ ጓደኛሽ ሁለተኛ አትመለስም።

ቦርደር ቴሪየር ከ5 እስከ 7 ኪሎ ነው። ፀጉሩ ሸካራ ሆኖ ብዙ አይረግፍም፤ በአንድ እጅ ይነሳል፤ ንቁ ነው። ዳክዬ ሲያይ ግን ስሙን ይረሳልና ከገመድ አትፍቺው።

ጃክ ራስል በመጠን ይመቻል፤ ጉልበቱ ግን አያልቅም። ሌሊት ሠርታ ቀን ለምትተኛ ሰው አልመክርም።

ግሬይሃውንድ ትልቅ የሩጫ ውሻ ነው። ከውድድር ጡረታ የወጡት ቤት ውስጥ ሰነፎች ናቸው፤ ሶፋ ላይ ተዘርግተው ይውላሉ። ብዙ የጀልባ ሰዎች ይወዷቸዋል። ነገር ግን ቁልቁል ደረጃ ይፈራሉ፣ ብርድ አይችሉም፣ ዋና ላይም ደካሞች ናቸው። አነስ ያለው ዘመዳቸው ዊፔት ይሻላል። ለጥበቃ ግን ሁለቱም እምብዛም አይጮኹም።

ላብራዶር ፍቅር ነው! ውሃ ስለሚወድ ግን ሳይወድቅ ራሱ ይገባል፤ ከዚያ 30 ኪሎ እርጥብ ውሻ አልጋሽ ላይ ይተኛል።

ዳክስሁንድ አጭር እግርና ረጅም ጀርባ ስላለው የጀልባ ደረጃ አከርካሪውን ይጎዳዋል። ቡልዶግና የፈረንሳይ ቡልዶግ ደግሞ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ስለሆነ መዋኘት አይችሉም፤ በበጋ ፀሐይ ሲግል የዋለ የብረት ጀልባ ውስጥም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እነዚህን እርሺያቸው።

ለእኔ የተሻለው ግን ከውሻ መጠለያ የሚገኝ፣ ያደገ፣ ከ10 ኪሎ ያልበለጠ ድቅል ውሻ ነው። ቡችላ ወደፊት ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ያደገ ውሻ ግን ጠባዩ ታውቋል። ብቻውን ሲቀር ይጮኻል ወይ? ደረጃ ይወጣል ወይ? ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ፈቃደኛ ከሆኑ ከመውሰድሽ በፊት ጀልባው ላይ አውጥተሽ ሞክሪው።

ዋናው ችግር ግን ዝርያው አይደለም

እህቴ አትቀየሚኝ፤ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው። በሳምንት አራት ሌሊት 12 ሰዓት ሥራ ላይ ነሽ። መንገዱ ሲጨመር 13 እና 14 ይሆናል። የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ውሻ በአንድ ጊዜ ከ4 ሰዓት በላይ ብቻውን ባይተው ይመረጣል ብለው ይመክራሉ። ጀልባ ውስጥ ተዘግቶ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር እየጮኸ የሚያድር ውሻ ከእኛ ቤቱ ባለ ሰንሰለት በምን ይሻላል?

ስለዚህ ውሻውን ከመፈለግሽ በፊት ሰው ፈልጊ። በሥራ ሌሊቶችሽ ውሻውን የሚያሳድር ጎረቤት ወይም ጓደኛ አለሽ? በየሁለት ሳምንቱ ስለምትዛወሪ የዛሬው ጎረቤት የነገው ላይሆን ይችላል፤ ይህንንም አስቢበት። ካለሽ ጥሩ። ከሌለሽ የሥራ ሰዓትሽ እስኪቀየር ውሻ ይቅርብሽ።

እስከዚያው ፍርሃትሽ መልስ ያስፈልገዋል። ብቻሽን በጨለማ ሳይሆን ሌሎች ጀልባዎች ባሉበት ቁሚ። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ መብራት ከፊትና ከኋላ ስቀይ። በሮቹን ከውስጥ የሚቆለፉ አድርጊ። የጎረቤትሽን ስልክ ያዢ። ዳግመኛ ኮቴ ከሰማሽ ትንፋሽሽን ውጠሽ አትተኚ፤ 999 ደውይ።

ውሻ ለማሳደግ ከወሰንሽ

1. እጀታ ያለው የውሻ ሕይወት አድን ጃኬት ግዢ። እጀታው ነው ከውሃ የምታወጪበት። ውሻው ከወደቀ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ከማርሽ አውጪ፤ ከኋላ የሚሽከረከረው ስለት ገዳይ ነው።

2. ሎክ ውስጥ ስትገቢ፣ ማለትም ጀልባውን እንደ አሳንሰር ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ባለ በር የውሃ ክፍል ውስጥ፣ ውሻውን ከውስጥ ዝጊበት። በጀልባውና በግድግዳው መሃል የወደቀ ውሻ ይጨፈለቃል።

3. የአይጥ ሽንት የካናልን ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ በሚባል በሽታ ይበክላል፤ ሰውንም ይይዛል። ውሻውን በየዓመቱ አስከትቢ፤ አንቺም ውሃውን ከነካሽ እጅሽን ታጠቢ። በበጋ አረንጓዴ አረፋ የመሰለ ነገር ካየሽ ከዚያ ውሃ አይጠጣ፤ ውሻ ይገድላል።

4. በሕጉ መሠረት ውሻው ማይክሮቺፕ ሊኖረው ይገባል፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው። ውጪ ሲወጣም ስምና አድራሻሽ ያለበት ማነቂያ ያድርግ። ቡችላ ከፈለግሽ ከእናቱ ጋር ሆኖ ሳታዪው አትግዢ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እዚያ ነጋዴ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ ገዝቶ መሸጥ አይችልም።

5. ውሻሽ መንገደኛ ቢነክስ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. የ1991 የአደገኛ ውሾች ሕግ መሠረት፣ ዝርያው የትኛውም ቢሆን፣ ከቁጥጥር ውጪ የሆነ ውሻ ባለቤት እስከ እስራት ሊደርስባት ይችላል። ኃይለኛ ውሻ ያልመከርኩሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለጓደኛሽ መልሱን ዛሬውኑ ንገሪው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አታቆይው። እሱም ለውሻው ግቢ ያለው ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል። እናትሽንም አትቀየሚ። እሷ የምታውቀው ውሻ የበር ውሻ ነው፤ ትንሹን ሲመጣ በስልክ ብታሳያት «ስሙ ማነው?» ማለቷ አይቀርም።

ውሻ ከአስር ዓመት በላይ ይኖራል። ያቺ የፈራሻት ሌሊት አንድ ሌሊት ናት፤ ውሻው ግን የዚያን ሁሉ ዓመት ቀን ከአንቺ ጋር ነው የሚያሳልፈው። የምትመርጪው ለቀኖቹ ይሁን። ውሳኔሽን ደግሞ ጻፊልን፤ አንባቢዎቼም ይጠብቃሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!