የሚያበራው ምስክር

እሾኽ ወግቶን ያደረ እንደ ሆነ ቦታው ይቀላል፤ ይግላል፤ ያብጣል፤ ይጠዘጥዛል። እነዚህን አራት ምልክቶች ሮማዊው ሴልሰስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጽፏቸዋል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት የሰውነት ቍጣ ይኸው ነው። ነገር ግን ቍጣው በዓይን ከመታየቱ አስቀድሞ በሕዋሳችን ውስጥ የሚደረገውን ማን አይቶ ይመሰክራል? ዛሬ ስለዚሁ ምስክር ጥቂት ልንናገርና አንድ ሐሳብ ልናቀርብ ወደናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በሕዋስ ውስጥ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ሥራው ግን የማንቂያ ደወል ነው። በ1986 ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር አስታወቁት። በሰላም ጊዜ ሌላ ፕሮቲን አስሮ ከአስኳሉ ውጭ ያቆየዋል። ቲ ኤን ኤፍ የተባለው የቍጣ መልእክተኛ የሕዋሱን በር ሲያንኳኳ አሳሪው ይፈርሳል፤ የተፈታውም ወደ አስኳሉ ገብቶ ለመከላከያ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ሊቃውንቱም ብልሃት አበጁ፤ ይህ ፕሮቲን የሚያርፍበትን መቀስቀሻ በሚያበራ ፕሮቲን ጂን ፊት ቀጥለው በሰው ሕዋስ ውስጥ አኖሩት። ቍጣው ሲነሣ ሕዋሱ ያንን ፕሮቲን ይሠራል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበትም አረንጓዴ ያበራል። ቍጣን ያበርዳል የተባለ መድኃኒት ሲሞከር የብርሃኑ መቀነስ ይለካል።

ይሁንና ምስክሩ ጕድለት አለበት። ፕሮቲኑ ተሠርቶ እስኪያበራ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዴ ካበራ ደግሞ ቍጣው ከበረደ በኋላ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ደርሶ እንደሚያለቅስ ዘመድ ነው። ስለዚህም ቶሎ የሚፈርስ ዓይነት አበጁለት። በ2004 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የሚያበራ ፕሮቲን በደወሉ በራሱ ላይ ቢያጣብቁ፣ በየ100 ደቂቃው ገደማ ወደ አስኳሉ ሲገባና ሲወጣ አዩት። ዘግይቶ የሚመጣው ምስክር ይህን ከቶ ሊነግረን አይችልም ነበር። ብርሃኑ የጠፋ ሕዋስ ሁሉ ቍጣው በርዶለታል የሚል ተማሪ ቢኖርም ቸኩሏል እንላለን፤ ሕዋሱ ሞቶ ሊሆን ይችላልና።

የብርሃኑ ምንጭ ጄሊፊሽ የተባለው የባሕር እንስሳ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ፍራይዴይ ሃርበር ከተጠመዱት እንስሳት ፕሮቲኑን ለይተው በ1962 አስታወቁ። የፈለጉት እንስሳው እንዴት እንደሚያበራ ማወቅ ብቻ ነበር። የመዝገብ ዐምድ የሚሞላ ወጣት ሹም «ይህ ለሕክምና ምን ይጠቅማል?» ቢላቸው ኖሮ መልስ አልነበራቸውም። ጥያቄውን አንነቅፍም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ብቻ ለምርምር ከሚመደበው ላይ ጥቅሙ ገና ላልታወቀ ጥያቄ ጥቂት ድርሻ ይቀመጥ፤ ችግር ሲመጣም እርሱ በመጀመሪያ አይሰረዝ እንላለን።

ዳግላስ ፕራሸር የዚህን ፕሮቲን ጂን በ1992 ለይተው አወጡ፤ የምርምር ገንዘባቸው ግን ተቋረጠ። በ2008 የኖቤል ሽልማት ለሺሞሙራ፣ ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቺየን ሲሰጥ፣ እርሳቸው በአላባማ የአንድ መኪና ሻጭ ደንበኞችን በመኪና ያመላልሱ ነበር። ጂኑን ግን በመሳቢያ አልቈለፉበትም፤ ለጠየቋቸው ለቻልፊና ለቺየን ልከውላቸው ነበር።