አር ስለሚባለው የቍጥር ቋንቋ ትምህርት



ዛሬ በመካኒሳ አቦ የሚኖር ወጣት ጸሐፊ፣ አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ባሕር ሳይሻገር በኢንተርኔት ከሚታይ ቪዲዮ ሊማር ይችላል። ቋንቋውን የጀመሩት በኒውዚላንድ አገር የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ሲሆኑ፣ አንደኛው ሙሉ እትም በ1992 ዓ.ም. ወጣ። ዋጋ አይከፈልበትም፤ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ነገር ግን የዜማ ተማሪ በመስማት ብቻ መሪጌታ እንደማይሆን፣ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ዐዋቂ አይሆንም። በነዚህ ትምህርቶች ብዙ ጊዜ ለምሳሌ የሚቀርበው ከአር ጋራ አብሮ የሚመጣው የ32 አውቶሞቢሎች ሠንጠረዥ ነው። የኛ ጸሐፊ የሚቈጥረው ግን ጤፍ ነው።

የአምስት ገበሬዎች ምርት 10፣ 11፣ 12፣ 13ና 54 ኩንታል ቢሆን አማካዩ 20 ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ግን 20 አልደረሱም። በተርታ ሲቀመጡ መካከል ላይ የሚገኘው ቍጥር 12 ነው። አር ሁለቱንም በቅጽበት ያወጣል፤ የትኛው ለበላይ ይላክ ብሎ የሚፈርድ ግን ሰው ነው። 20 ብቻ ብሎ የጻፈ ሹም የአራቱን ችግር ከዐይን ሰወረ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ለአንድ ጸሐፊ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያም ጋራ የወረዳውን የእህል መዝገብ ይስጠው። በቪዲዮ ያየውን በዚያ ላይ ይሥራ፤ አለቃውም ውጤቱን ይመርምር። ሥራ ይበዛበታል የሚል ቢኖር፣ በስሕተት የተደመረን መዝገብ እንደገና መደመር ይበልጥ ሥራ ነው።

እህልን ማምረት የገበሬ ድካም ነው፤ የተመረተውን በእውነት መቍጠር ግን የሹማምንት ግዴታ ነው።