«ነገ ለሚታረድ በግ ምን አስጨነቀህ?»



ዐረፋ ሲቀርብ የየሰፈራችንን ግቢ ዞር ዞር ብላችሁ አይታችኋል? በጉ ከደረጃው ብረት ጋር በአንድ ክንድ ገመድ ታስሯል። ልተኛ ቢል ገመዱ ያንቀዋል። ከሥሩ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ከላዩ የቀትር ፀሐይ ነው። የውሃው ሳፋ ተገልብጧል፤ ያውም ሳፋ ከተሰጠው። ባለቤቱ ግን የበጉን ፎቶ ለጥፎ ዋጋውን ጽፏል።

ምነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ነገ ለሚታረድ በግ ምን አስጨነቀህ?»

ወንድሜ፣ ኡድሒያው ኢባዳ የሚሆነው ቢስሚላህ ብለህ ቢላዋ ስታነሳ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ገበያ ላይ ዓይኑን አይተህ፣ ጥርሱን ገልጠህ፣ አስኪደህ ገዛኸው። ደግ አደረግህ፤ አንድ ዓይኑ መጥፋቱ፣ መታመሙ ወይም ማነከሱ በግልጽ የሚታይ፣ ደግሞም አጥንቱ የቀረ ከሲታ ለኡድሒያ እንደማይሆን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ከዚያስ? ያንን ጤነኛ በግ አራት እግሩን ጠፍረህ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫንከው፤ ቤት አድርሰህ ውሃ ነሳኸው፤ በዒዱ ጠዋት እያነከሰ ልታቀርበው ነው።

አቡ ዳውድ የዘገቡትን የግመሉን ታሪክ አስታውሱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ የአንሷር አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመሉ አያቸውና አለቀሰ። ከጆሮው ኋላ ዳበሱት፤ ጸጥ አለ። «የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የመጣው ወጣት ነበር፤ ልክ እንደ እኛ። ግመሉ ስለ ረሃቡና ስለ ድካሙ እንደከሰሰው ነግረው ወቀሱት።

በደግነት የሚጎዱም አሉ። ሣር ለምዶ የመጣ በግ ድንገት ዳቦና ስንዴ ከጠገበ ሆዱ ይነፋል፤ ለዒድ ሳይደርስ የሚሞትም አለ። ድርቆሽ ስጠው፤ ፉርሽካ ከጨመርክም በጥቂቱ ጀምር። ውሃ ከፊቱ አይጥፋ፤ በሙቀት ጊዜ አንድ በግ በቀን 3 እና 4 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ሸራ ወጥርለት። ደረቅ ገለባ ጎዝጉዝ፣ ጠዋት ጠዋት ጥረግ። ገመዱ ተኝቶ ለመነሣት የሚበቃ ይሁን፤ ሲጎትተው የሚጠብቅ ቋጠሮ አትቋጥር። በግ ከመንጋው ሲለይ ይጨነቃል፤ ጎረቤትህም ከገዛ አንድ ላይ አድርጓቸው።

«ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ቦታ የለኝም» የምትለው ደግሞ፣ ታዲያ በሳምንት ቀድመህ ለምን ገዛህ? በዋዜማው ግዛ፤ ወይም ሰፊ ግቢ ካለው ወንድምህ ጋር ተስማማ። ሌላው የሚያሳፍረው፣ ኡድሒያው በእኛ ስም ሆኖ ውሃ ማጠጣቱንና ፋንድያ መጥረጉን ለቤት ሠራተኛዋ መተዋችን ነው።

ይህን በስልክህ እያነበብክ ነው። በግ ካሰርክ የስልክህን መብራት አብርተህ ውረድና ሳፋውን እየው።