ዕጣው ሳይቀና ሲቀር፤ ስለ አጫዋች ተግባር

ጨዋታ የሰውን ጠባይ ገልጦ ያሳያል። ይልቁንም ሰው ሳይቀናው ሲቀር ምን እንደሚያደርግ፥ ባልንጀሮቹም ምን እንደሚሉት የሚታየው በጨዋታ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ስለሚጫወቱት የተረት ጨዋታ፥ በተለይም በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ ሲወድቅ አጫዋቹ ሊያደርገው ስለሚገባው ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ይህ ጨዋታ በአሜሪካ አገር የተወለደ ነው። ቀድሞ የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ የነበሩ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ደርሰውት፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚል ስም ታተመ። ከተጫዋቾቹ እያንዳንዱ፥ ወይ ወታደር ወይ ጠቢብ ወይ ሌባ ሆኖ፥ የሚያደርገውን በቃሉ ይናገራል፤ አጫዋቹም አገሩን፥ ጠላቱንና የሚያጋጥመውን ሁሉ ይተርካል። ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ የሚባለው ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ይጣላል፤ ዕጣውም ይፈርዳል።

አሁን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት ልጅ በተረቱ ውስጥ የተቈለፈ በር ልትከፍት ፈለገች እንበል። ባለ 20 ገጹን ጠጠር ጥላ 15 ወይም ከዚያ በላይ ካልመጣላት አይከፈትም ቢባል፥ የሚቀናት ከ20 በ6ቱ ብቻ ነው፤ በ14ቱ ይወድቅባታል። ጠጠሩ 4 ባሳየ ጊዜ ልምድ የሌለው አጫዋች «አልተከፈተም» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ይሞክራል፥ ያቅተዋልም፤ ሌላውም ይሞክራል። በሩ እንደ ተዘጋ ተረቱም አብሮ ይዘጋል። ልጂቱም በሰው ፊት ያፈረች መስሏት ሁለተኛ እጇን ወደ ጠጠሩ ለመዘርጋት ትሰጋለች። ይህ ጉዳት ከጨዋታ ያልፋል፤ በቤቱ መሞከርን የፈራ ልጅ በትምህርት ቤትም እጁን ማንሣት ይከብደዋልና።

አዋቂ አጫዋች ግን እንዲህ ይላል፦ «በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ማጠፊያው ሲጮኽ ዘበኛው ነቃ።» ወይም «መክፈቻው በእጅሽ ተሰበረ፤ ከኋላሽም የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ዕጣው አልቀናም፥ ዋጋውም ተከፍሏል፤ ተረቱ ግን ወደ ፊት ሄደ። ቪንሰንት ቤከርና ሜጌ ቤከር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ በተባለው ጨዋታ ይህ አሳብ ሕግ ሆኗል። በዚያ ጨዋታ ባለ 6 ገጽ ጠጠር ሁለት ይጣላል፤ ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን የታሰበው ይፈጸማል፤ ከ7 እስከ 9 ቢሆን ከዋጋ ጋራ ይፈጸማል፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን አጫዋቹ አዲስ ችግር ያመጣል። ሌላ ቁጥር ሳይጨመርበት ቢታሰብ፥ ከ36ቱ የአጣጣል ዐይነቶች 6ቱ ሙሉ ድል፥ 15ቱ ዋጋ ያለበት ድል፥ 15ቱ ውድቀት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ደንጀን ወርልድ ደግሞ ዕጣው ለወደቀበት ተጫዋች የልምድ ነጥብ ይሰጠዋል።

ይህ ትምህርት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በእንቆቅልሽ ጊዜ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ጥቂት ከቀለደበት በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ያልመለሰው ዋጋ ከፈለ፤ ነገር ግን መልሱን አወቀ፥ ጨዋታውም ቀጠለ፤ ከእሳት ዳር ተነሥ የሚለው የለም።

እንግዲህ አጫዋች ለመሆን የሚወድ ሰው እነዚህን አራት ነገሮች ያስብ።

አንደኛ፤ ጠጠሩ ሳይጣል «ቢወድቅ ምን ይመጣል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ምንም የማይመጣ ከሆነ አይጣል። ተረቱ ያለ እርሱ የማይሄድ ነገር፥ ለምሳሌ ምሥጢሩን የሚገልጥ ደብዳቤ፥ በዕጣ አይሰወር። ሮቢን ሎውስ የተባለው ደራሲ ጋምሹ በሚባለው የምርመራ ጨዋታ ሥርዐቱ ይህን ደንግጓል፤ ተገቢው ዕውቀት ያለው መርማሪ በተገቢው ስፍራ ቢፈልግ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዕጣ ያገኛል።

ሁለተኛ፤ አደጋውን አስቀድሞ ያስታውቅ። «ገደሉን ብትዘል ትወድቅ ይሆናል» ተብሎ የዘለለ ሰው ቢወድቅ አያጕረመርምም።

ሦስተኛ፤ የተጫዋቹን ክብር ይጠብቅ። «ጀግናህ ሰነፍ ስለ ሆነ ወደቀ» ከማለት «ዝናቡ ግንቡን አሙልጮት ነበር» ማለት ይሻላል። ታላላቅ ወንድሞችም በታናሻቸው እንዳይሣለቁ ይከልክል።

አራተኛ፤ ከርኅራኄ የተነሣ ዕጣውን በስውር አይለውጥ። ልጆች ፈጥነው ይነቁበታል፤ ከዚያም ወዲያ ድላቸው ሁሉ የተሰጣቸው ምጽዋት ይመስላቸዋል። ሞት ነው ብሎ ካላስታወቀ ግን የተሸነፈውን ማርኮ ማሰር ይቻለዋል፤ ጓደኞቹም ሊያስፈቱት ይነሣሉ፤ ውድቀቱም የአዲስ ተረት መጀመሪያ ይሆናል።

አጫዋቹ የተጫዋቾቹ ባላጋራ አይደለም። በተረቱ ውስጥ ጠላትም ዝናምም ዳኛም በእጁ ስለ ሆኑ፥ ማሸነፍ ቢፈልግ የሚከለክለው የለም፤ ስለዚህ ማሸነፉ ምስጋና አያሰጠውም። ምስጋናው ጠጠሩ የወደቀባት ልጅ አንገቷን ሳትደፋ «እንግዲያውስ በመስኮቱ እገባለሁ» ስትል ነው። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋራ በተቀመጣችሁ ጊዜ፥ ዕጣው ክፉ ሲወጣ ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው የእናንተን ፊት መሆኑን አትዘንጉ።